ሲስተርን ጠይቁ፦ ግንባሬ ላይ የነበሩት ቀያይ ክቦች

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እንደምን ከርመዋል? ዓምድዎን የማነበው ከሌስተር ነው። 34 ዓመቴ ነው። የስድስት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። መጋዘን ውስጥ ዕቃ አሽጋለሁ። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ልቤ ሞቷል። በፊት ሽንት ቤት ገብቼ ስነፋረቅ ነበር። ጂፒዬ (የሰፈሬ ሐኪም) ድባቴ ነው ብላ ሰርትራሊን 50 ሚሊግራም አዘዘችልኝ። አራተኛ ወሬን ይዣለሁ። ልቅሶው ቆመ፣ ሳቁም አብሮ ቆመ። ልጄ ስታወራኝ አፏን አያለሁ እንጂ የምትለው አይገባኝም። ከባለቤቴ ጋር ያለንም ነገር ቀዝቅዟል። እሱ ደግሞ ሌላ ሰው አለ ብሎ ጠርጥሯል።

አብራኝ የምትሠራ ፖላንዳዊት አለች። ያለ መድኃኒት፣ ቤት ውስጥ፣ ግንባር ላይ የሚደረግ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሄድሴት አለ፣ እኔ በሱ ነው የዳንኩት አለችኝ። ለባለቤቴ ስነግረው «ኮረንቲ ጭንቅላትሽ ላይ ልትሰኪ?» ብሎ ሳቀብኝ። እናቴ ከአዲስ አበባ ጸበል ግቢ ትላለች። እርስዎ ባለፈው ጽሑፍዎ እኔም ሞክሬዋለሁ ብለው በአንድ መስመር አለፉት። እባክዎ ዘርዝረው ይንገሩን። ኪኒኑን ወርውሬ እሱን ልግዛ?

ሰ. ከሌስተር

መልስ፦ እህቴ ሰ.፣ ያቺን አንድ መስመር ስጽፍ ማንም ልብ አይላትም ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ስለሷ ብቻ የመጣልኝ ደብዳቤ ብዛት! ያንቺን ያስቀደምኩት በመጨረሻው ጥያቄሽ ምክንያት ነው። ከሱ ልጀምር። አትወርውሪ።

ሰርትራሊንን ድንገት ያቋረጠ ሰው ሊያዞረው፣ ሊያቅለሸልሸው፣ እንቅልፍ ሊያጣ ይችላል። አንዳንዱንም ጭንቅላቱ ውስጥ ብልጭ የሚል ንዝረት ይሰማዋል። ያኔ በሽታው ብሶ መጣ ብለሽ ትደነግጫለሽ። ደግሞ 50 ሚሊግራም መነሻ ነው። ሐኪም እስከ 200 ሊያሳድገው ወይም ሌላ ሊቀይርልሽ ይችላል። ስሜትሽ መደንዘዙንና የመኝታ ቤቱን ነገር ለጂፒሽ ነግረሻታል? አልነገርሻትም። አውቃለሁ፣ እኔም ነርስ ሆኜ አፌን አልፈታሁም። ሁለቱም ከመድኃኒቱ ሊመጡ የሚችሉ፣ ሐኪሞች በደንብ የሚያውቋቸው ነገሮች ናቸው። ይህን ለባልሽ አንብቢለት። የጠረጠረው «ሌላ ሰው» ኪኒኗ ሳትሆን አትቀርም።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ።

እናቴ ጎንደር ያረፈችው የዛሬ ሦስት ዓመት ኅዳር ላይ ነው። እንደ አገር ቤት በማለዳ ዘመድ ጎረቤት በር ላይ ቆሞ አላረዳኝም። ሊድስ ውስጥ ከሌሊት ሥራ ወጥቼ አውቶቡስ ላይ ሳለሁ ወንድሜ በስልክ ነገረኝ። ከኋላዬ የተማሪ ቤት ልጆች ይሳሳቃሉ። እኔ ደግሞ የምወርድበትን ፌርማታ አሳልፌ እስከ መጨረሻው ሄድኩ። ለቀብር አልደረስኩም። ለተስካሯ ብር ላክሁ።

ሐዘን ነው ብዬ ጠበቅሁ። ሐዘን ግን ይንቀሳቀሳል። ዛሬ ያስለቅስሻል፣ ነገ የሟችን ቀልድ አስታውሶ ያስቅሻል። የኔው እንደ ድንጋይ ተቀመጠ። ታኅሣሥ ላይ ሊድስ በኛ ሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። የሌሊት ሠራተኛ ደግሞ ቀን ይተኛል። ፀሐይ የሚባል ነገር ረሳሁ። ሽንኩርት መክተፍ ተራራ ሆነብኝ። ሦስት ወር ሙሉ ዳቦ በቅቤ በላሁ፣ ጀበናዬ አቧራ ጠጣ። የአዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ ነው የምሠራው። እዚያ እየሳቅሁ አጥቤ፣ አብልቼ፣ አስተኝቼ እገባና ኮቴን ሳላወልቅ ሶፋ ላይ እቀመጣለሁ። ጂፒዬ ዘጠኝ ጥያቄ ያለባትን ወረቀት አስሞላኝ። ከ27ቱ 17 አመጣሁ፣ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ድባቴው የከፋ ነው። በትምህርት ቤት እንኳ እንዲህ ያለ ውጤት አምጥቼ አላውቅም።

ሰርትራሊንን ከዓመታት በፊት ወስጄው ነበር። ሆዴን አላስቀምጥ ብሎኝ ከሐኪም ጋር ተማክሬ ቀስ በቀስ ነው የተውኩት። እንደገና መጀመር አልፈለግሁም። የንግግር ሕክምናው ወረፋ ነበረው። ሄድሴቱን የገዛሁት በዚያ መሃል ነው፣ ለጂፒዬ ነግሬ።

ዕቃው ይህን ያህል የሚያስፈራ ነገር የለውም። የልጄ አሻንጉሊት ነው ብትዪ የሚያምንሽ አለ። ግንባር ላይ የሚያርፉ፣ በጨው ውሃ የራሱ ሁለት ክብ ስፖንጆች አሉት። ስልክሽ ላይ ካለ አፕ ጋር ይገናኛል። ሹሩባዬን አልነካብኝም። (ይህን የጠየቃችሁኝ ስለበዛችሁ ነው።) ሲጀምር ግንባርሽ ላይ ጉንዳን ይሄዳል። ቀጥሎ ሚጥሚጣ በነካ ጣት ግንባርሽን የዳሰስሽ ያህል ይለበልባል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ትረሺዋለሽ። 30 ደቂቃ ሲሞላ ራሱ ያቆማል። ስታወልቂው ግንባርሽ ላይ ሁለት ቀያይ ክቦች ይቀራሉ፣ አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው ይጠፋሉ። አንድ ቀን ሳይጠፉ ሥራ ገባሁ። አንዲት የ90 ዓመት አሮጊት ቀና ብለው አይተውኝ፣ «ማነው እንዲህ አድርጎ የሳመሽ?» አሉኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ጥፋት አጠፋሁ። ለሥራ ረፍዶብኝ ክፍት ሆኖ ያደረ ስፖንጅ አደረግሁ። ደርቆ ነበር። እርጥበቱ እኩል ካልሆነ ኮረንቲው አንድ ነጥብ ላይ ይሰበሰባል። ከወትሮው በላይ ሲያቃጥለኝ «ይለፍ» ብዬ ቻልኩት፣ የሐበሻ ነገር። ግራ ግንባሬ ላይ ምስር የምታህል ቁስል ወጣች። አምስት ቀን አቆምኩ። ጠባሳዋ ዛሬም አለች፣ ዱቄት ሳልቀባ ብታይኝ ትለያታለሽ። ሲያምሽ አውልቂው፣ መቻል እዚህ ቦታ አይሠራም።

ባልሽ ኮረንቲ ያለው አልተሳሳተም፣ መጠኑን ግን አያውቅም። ይህ ቲዲሲኤስ የሚባለው ነገር የሚልከው 2 ሚሊአምፔር ያህል ነው። አንድ ተራ የስልክ ቻርጀር 1 አምፔር ቢሰጥ ያ የዚህን 500 እጥፍ ነው። ሰው ሲሰማ ቶሎ ትዝ የሚለው በ1938 ሮም ውስጥ የተጀመረው፣ ዛሬ በማደንዘዣ ሆስፒታል ውስጥ የሚሰጠው ኢሲቲ የሚባል የኮረንቲ ሕክምና ነው። እሱ ሆን ተብሎ መንዘፍዘፍ ያስነሳል። (በነገራችን ላይ ለከባድ ድባቴ ዛሬም ሕይወት የሚያድን ሕክምና ነው፣ ፊልም ስሙን አጠፋው እንጂ።) ይኸኛው አያንዘፈዝፍም፣ አያስተኛም። ድባቴ የያዘው ሰው የግራ ግንባሩ ውስጥ ያለው የአንጎል ክፍል ሥራው ቀዝቀዝ ይላል ተብሎ ይታሰባል። ኮረንቲዋ እዚያ ያሉትን ሕዋሳት አታነድም። ቶሎ ለመንደድ ዝግጁ ታደርጋቸዋለች። ረመጥ ላይ እፍ ማለት በዪው። ማገዶ ከሌለ ደግሞ እፍ ቢሉት ምን ዋጋ አለው? ይህን ነጥብ ያዢልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ይሠራል ወይ? በ2024 ጥቅምት ኔቸር ሜዲስን የሚባል የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ጥናት ወጣ። የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ፣ የምሥራቅ ለንደን ዩኒቨርሲቲና የሂውስተን ተመራማሪዎች ነው የሠሩት። ከእንግሊዝና ከአሜሪካ 174 ሰዎች በየቤታቸው ለ10 ሳምንት ሞከሩት። ሦስት ሳምንት በሳምንት አምስት ቀን፣ ከዚያ ሰባት ሳምንት በሳምንት ሦስት ቀን። ግማሾቹ ሳያውቁት የማይሠራ ሄድሴት ነበር የተሰጣቸው። መጨረሻ ላይ ከትክክለኛው ተጠቃሚዎች 45 ከመቶ ያህሉ ከድባቴው ወጡ። የማይሠራውን ካደረጉት ደግሞ 22 ከመቶ ያህሉ። እጥፍ ነው፣ ጥሩ ነው። የሻጮቹ ማስታወቂያ እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ ግን ልቀጥል። በዚያው ዓመት ብራዚል ውስጥ 210 ሰዎች ቤታቸው ሞከሩትና ከማይሠራው ምንም ልዩነት አልተገኘም። በ2023 ደግሞ ጀርመን ውስጥ፣ ልክ እንዳንቺ መድኃኒት ለሚወስዱ ሰዎች ተጨምሮ ተሰጠ። እዚያም ልዩነት አላመጣም። አንቺ ሰርትራሊን ላይ ስላለሽ ይህን ልደብቅሽ አልችልም። የፖላንዷ ጓደኛሽ አልዋሸችሽም። የሷ እውነት ግን የሷ ነው።

የኔ እውነት ደግሞ ይኸውልሽ። አራት ሳምንት ምንም አልተሰማኝም። ገንዘቤን በላኝ ብዬ ልተወው ነበር። በአምስተኛው ሳምንት ጠዋት ከሥራ ስገባ ጎረቤቴ የቆሻሻ ገንዳውን በሬ ላይ አጋድሞት ሄዷል። ተናደድኩ። ገንዳውን እየጎተትኩ፣ በአማርኛ እየተሳደብኩ፣ በሩን ላንኳኳ ስል እጄ አየር ላይ ቀረ። እንዴ! ተናድጃለሁ እኮ! ስንት ወር ሙሉ ማንም ምንም ቢያደርገኝ ግድ የማይሰጠኝ ሰው ነበርኩ። በሩን ሳላንኳኳ ተመለስኩና ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ። ደስታ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ መጀመሪያ የመጣው ንዴት ነው። በዚያ ሳምንት ቅዳሜ ሽንኩርት ከተፍኩ። ሽሮ ብቻ ነው የሠራሁት። ግን ቁሌቱ ሲሸተኝ ምጣዱ ላይ ጎንበስ ብዬ ብዙ ቆየሁ። በአሥረኛው ሳምንት ያቺን ወረቀት ስሞላ 6 አመጣሁ።

ሄድሴቱ ነው ያዳነኝ? ለሰላሳው ደቂቃ የመረጥኩት ቦታ መስኮት ሥር ነበር። ከእንቅልፌ ነቅቼ፣ የቀረችው ብርሃን ሳትጠፋ እዚያ እቀመጣለሁ። መንቀሳቀስ ስለማይመች ደግሞ ለወንድሜ እደውላለሁ። እናታችን ከሞተች በኋላ እሱና እኔ ስለ ብርና ስለ መቃብሩ ሥራ ብቻ ነበር የምናወራው። ሦስተኛው ቀን ላይ ይመስለኛል፣ «ያን የሰበርሽውን ገንቦ ታስታውሻለሽ? እኔ ተገርፌልሽ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እሷን ማውራት ሆነ። የሷን ለቅሶ ግንባሬ ላይ ሄድሴት አድርጌ ነው የተቀመጥኩት ማለት ይቻላል። በጥናቱ ውስጥ የማይሠራውን አድርገው ከዳኑት መሃል እንዲህ ያደረጉ ይኖሩ ይሆን እላለሁ። እነሱም በየጊዜው በቪዲዮ እየደወለ እንዴት ናችሁ የሚላቸው ሰው ነበራቸው። ማገዶ ያልኩሽ ይህን ነው። እፍታውም ማገዶውም ነበረኝ። ለይቼ ይኸኛው ነው ብዬ አልምልልሽም።

ስለዚህ አንቺ ምን ታድርጊ? ጂፒሽ ጋ በዚህ ሳምንት ቀጠሮ ያዢና ከላይ ያልኩሽን ሁለት ነገር ሳታፍሪ ንገሪያት። ካፈርሽ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ስጫት፣ እኔ በሽተኞቼን እንዲህ ነው የማደርጋቸው። ለንግግር ሕክምናው በእንግሊዝ አገር በጂፒ ሳታልፊ ራስሽ መመዝገብ ትችያለሽ፣ አስተርጓሚም በነፃ ይሰጡሻል። ስለ ሄድሴቱም እዚያው ጠይቂ። ጎረቤትሽ ኖርዝሃምፕተንሺር ውስጥ በ2023 ኤንኤችኤስ (የመንግሥት የጤና አገልግሎቱ) ራሱ ለታካሚዎች መስጠት ጀምሮ ነበር። ሳትጠይቂ የሳምንት ደሞዝሽን ያህል ከኪስሽ እንዳታወጪ። ጭንቅላት ውስጥ ብረት ወይም የተቀበረ መሣሪያ ያለበት፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ግንባሩ ላይ ቁስል ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አይነካውም። እርጉዝ ከሆንሽም ቀድመሽ ተናገሪ።

ጸበሉን በተመለከተ እናትሽን እሺ በያት። ለሚመጣው ዓመት አገር ቤት ስትገቢ አብራችሁ ሂዱ። ኪኒኑን ለጸበሉ ብለሽ አታቋርጪ እንጂ ሁለቱ አይጣሉም።

አንድ ነገር ሳልጠይቅሽ ይህን ደብዳቤ አልዘጋም። መሞት ያስመኝሻል? ከሆነ ሄድሴትም ቀጠሮም አይጠበቅም። 111 ደውለሽ 2 ቁጥርን ተጫኚ፣ ሌሊትም ያነሳሉ። ልታደርጊው ከተቃረብሽ 999። የሰው ድምፅ ብቻ መስማት ከፈለግሽ ሳማሪታንስ 116 123 ላይ በነፃ አሉ። ለኔም መልሰሽ ጻፊልኝ።

ጥያቄ፦ ለተከበሩ ሲስተር፦ የ22 ዓመት ልጅ አለኝ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። አንዳንዴ ሳምንት ሙሉ አይተኛም። ያወራል፣ ዕቅድ ያወጣል፣ የእኅቱን ላፕቶፕ ሸጦ ንግድ ጀመርኩ አለን። ከዚያ ደግሞ ወር ሙሉ ከአልጋ አይነሳም፣ አይታጠብም። አሁን ተኝቷል። ድባቴ ነው አሉኝ። የወንድሜ ልጅ ከእንግሊዝ ሊመጣ ስለሆነ ያንን ማሽን ያምጣልን?

አንድ አባት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ጋሼ፣ አያምጣ። እባክዎን።

የልጅዎን መተኛት ብቻ ያየ ሰው ድባቴ ሊለው ይችላል። እርስዎ ግን የማይተኛበትንም ሳምንት በደንብ አይተውታል፣ ትልቁ ነገር ያ ነው። እንዲህ ከፍ ዝቅ የሚል ሕመም ባይፖላር ሊሆን ይችላል። ሕክምናው ከተራ ድባቴ ይለያል። የድባቴ ኪኒን ለብቻው ቢሰጠው ወይም ይህ ሄድሴት ቢደረግለት ወደዚያ ወደማይተኛበት ጊዜ ሊገፋው ይችላል። ላፕቶፕ በሸጠበት እጁ ምን እንደሚሸጥ አይታወቅም። አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይውሰዱት። ስሙ ቢከብድዎት፣ ብዙ አባት ይከብደዋል፣ የአእምሮ ሐኪም ያለበት ሌላ ሆስፒታልም ይሆናል። ሲሄዱ ያልተኛባቸውን ቀኖች በወረቀት ጽፈው ይያዙ። ሐኪሙ የሚያየው የተኛውን ልጅ ነው፣ ሌላኛውን የሚያሳዩት እርስዎ ነዎት። የላፕቶፑን ነገር ደግሞ አሁን አያንሱበት። ሲሻለው ራሱ ያነሳዋል።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ኤሌክትሪሻን ነኝ። ቪዲዮ ላይ ያንን ሄድሴት በ9 ቮልት ባትሪና በስፖንጅ ሲሠሩት አየሁ። ለኔ የ10 ደቂቃ ሥራ ነው። ለምን ያን ሁሉ ብር እከፍላለሁ?

ዳ. ከሪያድ

መልስ፦ ወንድሜ ዳ.፣ የባለሙያ ኩራትህ ገብቶኛል። አንተም ግን ሰው ቤት መስመር ስትዘረጋ ባለቤቱ ቪዲዮ አይቶ ይሥራው አትልም። ሽቦውን እንደምትሠራው አልጠራጠርም። ስፖንጁ በሁለት ጣት ፈቀቅ ካለ ግን ሌላ የአንጎል ክፍል ላይ ነህ። ጊዜውን ብታስረዝመው ደግሞ የሚጨምር የመሰለህ ውጤት ሊገለበጥ ይችላል። በ2016 የዘርፉ ተመራማሪዎች ቤታቸው ለሚሠሩት ሰዎች ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው ይህንኑ ተናግረዋል። እኔ በፋብሪካ ሠራሹ፣ ነርስ ሆኜ፣ ግንባሬን አቃጥያለሁ።

ይልቅ ደብዳቤህ ውስጥ ያልጻፍከው ነገር አለ። ለራስህ ነው የምትሠራው? ከሆነ ስንት ጊዜህ ነው እንዲህ ከሆንክ? እሱን ጻፍልኝና ባትሪውን ለግድግዳ ሰዓት አድርገው።